ከቀላል ግጭት በኋላ የሚይዝ የኋላ ፍሬን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎንደርና በአካባቢው የሚያሽከረክሩ ሰዎች፣ መኪናቸው ከተጋጨ በኋላ የኋላ ጎማ አልዞር ሲል ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ግጭቱ ቀላል ነበር፤ ታዲያ የኋላ ጎማ ለምን ያዘ?

በመኪናው ወለል ሥር የእጅ ፍሬን ካቦ፣ የፍሬን ዘይት የሚያደርስ ቀጭን የብረት ቧንቧ፣ እንዲሁም ቧንቧውን ከጎማው ጋር የሚያገናኝ ተጣጣፊ ቱቦ ተጠጋግተው ያልፋሉ። ፓራውልቱ (የመኪናው የጫፍ መከላከያ) ወይም የኋላ ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚከድነው ላሜራ) ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ ካቦው ሊወጠር፣ ቱቦው ሊታጠፍ ወይም ቧንቧው ሊጨፈለቅ ይችላል። ከውጭ የሚታየው አንድ ጭረትና የተሰበረ መብራት ብቻ ቢሆንም፣ ከሥር ያለው ነገር ጎማውን ከማስያዝ አልፎ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

በከተማችን ዘወትር የሚያጋጥመው ደግሞ የጎን ምት ነው። ባጃጅ የኋላውን ጎማ ከጎን ሲመታው፣ ወይም ከጎሀ ወደ ፒያሳ በሚወርደው መንገድ ላይ መኪናው ተንሸራቶ በቸርኬው የመንገዱን ጠርዝ ሲመታ፣ ኃይሉ በቸርኬው በኩል አልፎ ታምቡሮውን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ከበሮ) ከውስጥ በኩል በሚከድነው የላሜራ ሳህን ላይ ያርፋል። ሳህኑ ጥቂት ከታጠፈ ሸራዎቹ (ታምቡሮውን ከውስጥ ተጭነው የሚያቆሙት) ከመስመራቸው ይወጣሉ ወይም ሳህኑ ራሱ ታምቡሮውን ይነክሰዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ግጭቱ ያመጣው ሳይሆን ግጭቱ የገለጠው ነው። የደነገጠ አሽከርካሪ ከመኪናው ከመውረዱ በፊት የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ይስበዋል። ለዓመታት ያን ያህል ተስቦ የማያውቅ፣ በሽፋኑ ውስጥ ዝገት የያዘ ካቦ በዚያች ቅጽበት ሄዶ አይመለስም። ስለዚህ ምርመራውን ከተመታው ቦታ ከመጀመር በፊት፣ ከግጭቱ በኋላ የእጅ ፍሬኑ መሳብ አለመሳቡን አሽከርካሪውን መጠየቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

በሞተሩ ኃይል አስገድጄ እስከ ጋራዥ ብወስደውስ?

አይውሰዱት። የያዘ ፍሬን እየተጎተተ ሲሄድ የሚፈጠረው ሙቀት ሸራውን ያቃጥላል፣ ታምቡሮውን ከቅርጹ ያወጣል፣ ሸራዎቹን በዘይት ግፊት በሚገፋው ሲሊንደር ውስጥ ያለውን ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደውን ጎማ) ያበላሻል። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት የሚፈላበት ዝቅተኛ መጠን 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ነገር ግን ዘይቱ ከአየር እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ይህ መጠን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ደግሞ እንፋሎቱ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ጎማ ይዞብኛል ብሎ የጀመረ መንገድ በዚህ ሁኔታ ፍሬን በማጣት ያበቃል፤ ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

የሚፈቀደው አንድ ሙከራ ብቻ ነው። ጎማው ምንም ላሜራ የማይነካ ከሆነ፣ ዘይትም የማይፈስ ከሆነ፣ በኋላ ማርሽ ቀስ ብለው ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሞክሩት። ታምቡሮው ወደ ፊት ሲዞር ሸራውን ይዞ እየሳበ ራሱን የሚያጠብቅበት ሁኔታ ስላለ፣ ወደ ኋላ ሲዞር አንዳንድ ጊዜ ይለቃል። ካልለቀቀ ይተዉት። ጢስ ከወጣ ወይም የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ቆመው በራሱ እስኪበርድ ይጠብቁ፤ በጋለ ታምቡሮ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

የያዘው በእርግጥ ፍሬኑ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በመጀመሪያ ጎማውን ዙሪያውን በዓይንና በእጅ ይመልከቱ። የታጠፈ ፓራፋንጎ፣ የተላቀቀ የፕላስቲክ ሽፋን ወይም ከመስቀያው የወረደ ማርሚታ (የጢስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ጎማውን ተደግፎ ሊያቆመው ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ሰባብሮ ወይም ጎትቶ ማላቀቅ የባትላሜራ (የመኪና አካል ጠጋኝ) ሥራ እንጂ የፍሬን ሥራ አይደለም። ጎማው ከሌላኛው ጎን ጋር ሲነጻጸር ወደ ኋላ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ከመሰለ ደግሞ አክስሉ ራሱ ተገፍቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የመኪናውን ዓይነት ያስቡ። ቪትዝና መሰሎቹ በፊት ጎማ የሚነዱ ስለሆኑ የኋላ ጎማቸውን ከፍሬን፣ ጎማው ከሚዞርበት ኩሽኔታ (ቤሪንግ) እና ከሚነካው ላሜራ በቀር የሚይዘው ነገር የለም። ሃያስ፣ ሂሉክስና አሮጌው ዲኤክስ ግን በኋላ ጎማ ስለሚነዱ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻሉም ከጎማው ጋር የተያያዙ ናቸው። ማርሹ ፎሌ ላይ (ምንም ማርሽ ሳይገባ) ሆኖ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ በእጅ የማይዞር ከሆነ፣ ፍሬኑን ከመፍታት በፊት ዲፈረንሻሉን መጠርጠር ተገቢ ነው። የተሰበረ ኩሽኔታ ብዙውን ጊዜ የሚያንኳኳና የሚያንገራግር ድምፅ ያሰማል፤ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅም ልቅነቱ ይታወቃል።

ክሪክ ከማስገባቴ በፊት ልጠነቀቅለት የሚገባው ነገር ምንድን ነው?

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ በሚገኝ ተራራማ መሬት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ሜዳ ቦታ እንደልብ አይገኝም። በዚህ ምክንያት አንድ ነገር በአእምሮ መያዝ አለበት፦ የያዘው ጎማ ራሱ መኪናውን ተዳፋቱ ላይ አቁሞት ሊሆን ይችላል። ጎማው በተለቀቀ ቅጽበት መኪናው ይሄዳል።

የእጅ ፍሬን የሚሠራው በኋላ ጎማዎች ላይ ነው። የኋላው ሲነሣ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው መሬት የለውም። በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ማርሽ ማስገባትም አይረዳም፤ ምክንያቱም ማርሹ የሚይዘው አየር ላይ ያለውን ጎማ ነው። መኪናውን የሚያቆመው በፊት ጎማዎች ሥር የገባው ታኮ ብቻ ነው። በፊት ጎማ የሚነዳውን ግን ማርሽ ውስጥ መተው ይቻላል፤ የኋላ ጎማዎቹ በነፃነት ስለሚዞሩ ለሙከራው አያስቸግርም፤ ታኮው ግን ለእርሱም አይቀርም። ከክሪክ በተጨማሪ የብረት መደገፊያ ሳይገባ ከመኪና ሥር መግባት አይገባም። ድንጋይ ደራርቦ መደገፍ የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ድንጋይ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል።

ካቦ ነው፣ የዘይት ግፊት ነው፣ ወይስ የውስጥ ብረት? እንዴት እለየዋለሁ?

የምርመራው ሁሉ ልብ ይህ ጥያቄ ነው። ጎማን የሚይዙት ነገሮች ብዙ ቢመስሉም ከሦስት መንገዶች አይወጡም፤ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ታምቡሮ መቀጥቀጥም ሆነ አዲስ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ከሁሉ በፊት ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች አንሥተው፣ የያዘው አንዱ ይሁን ሁለቱም ይሁኑ በእጅ በማዞር ያረጋግጡ። አንዱ ብቻ ከያዘ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ጎማ አካባቢ ይገኛል። ሁለቱም ከያዙ ሁለቱ በሚጋሩት ነገር፣ ማለትም በዋናው ካቦ፣ በጋራ ቱቦው ወይም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ በሚገፋው በዋናው የፍሬን ፖምፓ ላይ ማተኮር ይሻላል።

የመጀመሪያው ፈተና የካቦው ነው። የእጅ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አውርደው ከእጀታው ሥር ወይም ከወለሉ በታች ያለውን የማስተካከያ ዳዶ ያላሉት። ካቦው ረግቦ ጎማው ከዞረ የያዘው ካቦው ነበር ማለት ነው። ዳዶው ላልቶ እያለም ካቦው ከታምቡሮው አጠገብ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ከቀረ፣ በሽፋኑ ውስጥ ተጣብቋል ወይም በመሀል የሆነ ቦታ ላሜራ ቆንጥጦታል፤ በእጅ እየዳሰሱ እስከ ቁንጥጫው መሄድ ነው።

ሁለተኛው የግፊት ፈተና ነው። በያዘው ጎማ ጀርባ ያለውን የማስተንፈሻ ቡሎን (ከፍሬኑ መስመር አየር የሚወጣበትን)፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተው፣ በክብ ቁልፍ በጥንቃቄ ጥቂት ያላሉት። ዘይቱ ተፈናጥሮ ከወጣና ጎማው ወዲያው ከለቀቀ ውስጥ የታፈነ ግፊት ነበር። ግፊቱ የታፈነው የት እንደሆነ ለማወቅ ቡሎኑን መልሰው አጥብቀው ፔዳሉን አንድ ጊዜ ያስረግጡና ያስለቅቁ። ጎማው እንደገና ከያዘ በዚህ ጊዜ ከተጣጣፊው ቱቦ በላይ ያለውን የቧንቧ መጋጠሚያ ያላሉ። እዚያ ሲላላ ጎማው ከለቀቀ ቱቦው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከዚያ በላይ በተጨፈለቀ ቧንቧ ወይም በዋናው ፖምፓ በኩል ነው። እዚያ ላልቶ ጎማው ካልለቀቀ፣ ማስተንፈሻው ሲላላ ግን ከለቀቀ፣ ጥፋቱ የቱቦው ነው። የታጠፈ ወይም ከውስጥ የተላጠ ቱቦ በፔዳሉ ኃይል የሚሄደውን ዘይት ያሳልፋል፤ ሞላው ብቻ የሚገፋውን የመመለሻ ዘይት ግን ያግዳል። በአንድ ቀጥ ያለ አክስል ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ተጣጣፊ ቱቦ ለሁለቱም ጎማ ስለሚያገለግል፣ እንዲህ ባለው መኪና የአንድ ቱቦ መታጠፍ ሁለቱንም ጎማዎች ያስይዛል።

ካቦው ላልቶ፣ ማስተንፈሻውም ተከፍቶ ጎማው ካልዞረ የቀረው ሦስተኛው ነው፤ የያዘው በታምቡሮው ውስጥ ያለ ብረት ወይም ሸራ ነው፣ መከፈት አለበት። ይህ ሁሉ ሙከራ ለለመደ እጅ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ከሙከራው በኋላ በላላው ቦታ ሁሉ አየር ስለሚገባ፣ አየሩ ሳይወጣ መኪናው አይነዳም። የፈሰሰውን ዘይት ከቀለሙ ላይ በውኃ ወዲያው ያጥቡ፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባም ይጠንቀቁ።

ካቦው ከሆነ ለጊዜው ቢቆረጥስ?

ጎማው ይዞራል፤ መኪናው ግን የማቆሚያ ፍሬን የለውም። ከዚህ የሚከፋው፣ በታምቡሮው ውስጥ የቀረው የካቦ ጫፍና ክንዱ ልቅ ሆነው ሲንቀሳቀሱ ሸራው ላይ ሊገቡ ይችላሉ። ዳዶውን እስከ መጨረሻው ማላላት፣ ካልሆነም ካቦውን ከእጀታው ጫፍ ነቅሎ በመኪናው ወለል ላይ በደንብ ማሰር ያንኑ ውጤት ይሰጣል፤ ዕቃውም አይጠፋም። የተቆነጠጠ ወይም ሽፋኑ የተሰበረ ካቦ ግን ቀጥ ተደርጎ ቢመለስ እንኳን በመጀመሪያው ክረምት ውኃ ገብቶበት ይዝጋል። መለወጥ ነው ያለበት።

የተመታው ፊት ለፊት ነው፤ የያዘው ግን የኋላው። ይህ እንዴት ይሆናል?

ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከግጭቱ በፊት በነበረችው ቅጽበት የተረገጠው ፍሬን ነው። አሽከርካሪው በሙሉ ኃይሉ ሲረግጥ ሸራዎቹ ከወትሮው ይበልጥ ይከፈታሉ፣ ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው ጥርስም አንድ ወይም ሁለት ጥርስ አልፎ ይሄዳል፤ ከዚያ ሸራው ወደ ቦታው የሚመለስበት ክፍተት ያጣል። በአሮጌ ታምቡሮ ሸራው የቆፈረው ጎድጓዳ መስመር ስላለ ነገሩ ይባስ ይሆናል።

ሁለተኛው ግድግዳው ወደ ውስጥ ሲገፋ ነው። ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየው ላሜራ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢገባ፣ ሰርቮው (የፔዳሉን ግፊት የሚያግዘው ዕቃ) እና ፔዳሉ የሚገናኙበት ዘንግ ነፃ እንቅስቃሴውን ያጣል። ፔዳሉን በጣት ሲጫኑት ከመጠንከሩ በፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ልል መሆን አለበት፤ ያ ልልነት ከሌለ በዋናው ፖምፓ ውስጥ ዘይት ወደ ቋቱ (የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው) የሚመለስበት ቀዳዳ እንደተዘጋ ይቀራል፣ ግፊቱም አይለቅም። ፈተናው ቀላል ነው፦ ፖምፓውን ከሰርቮው ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ዳዶዎች አላልተው ፖምፓውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይሳቡት። ጎማዎቹ ከለቀቁ ዘንጉ ወይም ሰርቮው ነው። ካልለቀቁ፣ ነገር ግን ከፖምፓው የሚወጣው ቧንቧ ሲላላ ከለቀቁ፣ በራሱ በፖምፓው ውስጥ ያለው ጎሚኒ ተበላሽቷል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የፍሬን ዘይት መስመር ለሁለት የተከፈለ ነው። በብዙ የኋላ ጎማ ነጂ መኪናዎች ክፍፍሉ የፊትና የኋላ ሲሆን፣ በፊት ጎማ በሚነዱት በአብዛኛው በሰያፍ ነው፤ የቀኝ ፊት ከግራ ኋላ ጋር። ስለዚህ በቪትዝ አንድ የኋላ ጎማ በግፊት ከያዘ በተቃራኒው በኩል ያለውን የፊት ጎማም አንሥተው ያዙሩት። የኋላው ብቻ ነው ብለው ከደመደሙ ፖምፓው ላይ ያለውን ችግር ያልፉታል።

ታምቡሮው አልወጣ አለ። ምን ላድርግ?

በመዶሻ ጠርዙን አይምቱት፤ ታምቡሮ የሚሠራበት ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ ብረት ይሰበራል። በመጀመሪያ ካቦው መላላቱን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ከጀርባ ባለው የላሜራ ሳህን ላይ ያለውን የጎማ ክዳን አንሥተው በቀጭን ካቻቢቴ የማስተካከያውን ጥርስ ወደ ኋላ ይመልሱት። ሸራው ከታምቡሮው ጎድጓዳ መስመር ወጥቶ ይጠብባል። በብዙ የቶዮታ ታምቡሮዎች ፊት ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ልካቸው ለ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ነው። ሁለት ቡሎኖችን እየተፈራረቁ በእኩል ሲያጠብቁ ታምቡሮው በራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ሳህኑ በግጭቱ ታጥፎ ታምቡሮውን ነክሶ ከሆነ ግን ቡሎኑን ከማጥበቅ በፊት ሳህኑን በመጎተት ማላቀቅ ያስፈልጋል።

ሲከፈት አቧራውን በአየር አይንፉት። በአሮጌ ሸራ ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

ከተከፈተ በኋላ ምን ምን ልመልከት?

በመጀመሪያ ምንም ሳይነኩ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የሞላዎቹ አቀማመጥ ሲመለስ የሚያከራክር ነገር ነው። ከዚያ ከመንጠቆው የወጣ ወይም የተሰበረ ሞላ፣ ከብረቱ ተላቆ የተሸጎጠ ሸራ፣ ከቦታው የወጣ የማስተካከያ ዘንግ ይፈልጉ። ተላቆ የተሸጎጠ ሸራ ጎማን በአንድ ጊዜ ድርቅ አድርጎ የሚይዝ ስለሆነ ከእግር እስከ ራስ ፈልጉት እላለሁ። ቀጥሎ ሸራዎቹን የምትገፋውን ትንሿን ሲሊንደር ይመልከቱ፤ የአቧራ ሽፋኗ ሲገለጥ እርጥበት ካለ ዘይት ታፈሳለች፣ በጣት ስትገፋ ካልገባች ዝጋለች።

ዘይት የነካው ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም። ሸራ ሲቀየር የሁለቱም ጎማ በአንድ ላይ ይቀየራል፤ አለዚያ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። በብዙ የቶዮታ አነስተኛ መኪናዎች የሸራው ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር ሲያንስ መጣል አለበት፤ የታምቡሮው ትልቁ የተፈቀደ ስፋት ደግሞ ታምቡሮው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የታጠፈ የላሜራ ሳህንን በመዶሻ ማቃናት ብዙ ጋራዦች የሚያደርጉት ነው። ሸራው የሚያርፍባቸው ስድስት ያህል ትናንሽ እብጠቶች በአንድ ደረጃ ላይ ካልዋሉ ግን ሸራው በሰያፍ ይቆማልና፣ እኔ ሳህኑን መለወጥን እመርጣለሁ።

መኪናው ከግጭቱ በኋላ ለሳምንታት ቆሞ ነበር። አሁን ሊነሣ ሲል ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ያዙ።

በሐምሌና በነሐሴ ይህ ከሁሉ የሚበዛው ጉዳይ ነው። የመድን ጉዳይ እስኪያልቅ ወይም መለዋወጫ እስኪመጣ ድረስ መኪናው የእጅ ፍሬኑ ተስቦ በዝናብ ይቆማል፤ እርጥብ ሸራ ከታምቡሮው ጋር በዝገት ይጣበቃል። በዳገት ላይ ሲሄድ ፍሬኑ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ጭቃም ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይሆናል። ይህ የግጭቱ ጉዳት አይደለምና ካቦና ፖምፓ ከመግዛት በፊት ሊለይ ይገባል።

ምልክቱ ካቦው ረግቦ፣ ግፊትም ሳይኖር፣ ጎማው ሲላቀቅ ጧ ብሎ አንድ ጊዜ መልቀቁና ከዚያ በኋላ በነፃነት መዞሩ ነው። የታምቡሮውን ፊት፣ ጠርዙን ሳይሆን፣ በጎማ ወይም በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ ብለው ቢያንኳኩት ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ከለቀቀም በኋላ ይከፈት፤ ዝገቱ የሸራውን ገጽ ይዞ ወጥቶ ሊሆን ይችላልና። ለወደፊቱ በክረምት ረጅም ጊዜ የሚቆም መኪና ሜዳ ላይ በማርሽና በታኮ እንጂ በእጅ ፍሬን አይቁም።

መጎተት ካለበት እንዴት ይጎተት?

የያዙት የኋላ ጎማዎች ከሆኑ የኋላው ተነሥቶ መጎተት ወይም መኪናው በሙሉ በጭነት መኪና ላይ መጫን አለበት። በገመድ ብቻ መጎተት የሚፈቀደው ጎማዎቹ ተለቀው ፔዳሉም የሚሠራ ሲሆን ነው። ሞተሩ በጠፋ መኪና ሰርቮው ያጠራቀመው እገዛ ከሁለት ወይም ከሦስት እርግጫ በኋላ ያልቃል፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሰርቮው የሚሰጠው እገዛ ከቆላው ያነሰ ነው። ስለዚህ ወደ አዘዞ በሚወርድ መንገድ ላይ በገመድ የሚጎተት መኪና ውስጥ ልምድ የሌለው ሰው አይቀመጥ።

ከመፍታቴ በፊት ለትራፊክ ፖሊስና ለመድን ምን ላሳይ?

ጎማው እንደያዘ፣ ላሜራው እንደታጠፈ፣ ከሥር ያለው ካቦና ቱቦ እንዳለ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የተወገደውን ዕቃም አይጣሉ። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ ስለሆነ፣ የሌላው ወገን መድን ሰጪ ጉዳቱን ሳያይ ዕቃው ቢፈታ የፍሬኑ ብልሽት ከግጭቱ መምጣቱን ማስረዳት ከባድ ይሆናል። ከላይ የተገለጸው የዝገት ጉዳይ ከግጭት ጉዳት ጋር ተቀላቅሎ መቅረብ የለበትም፤ ለባለንብረቱም ለመካኒኩም አይበጅም።

ጎማዎቹ አሁን በነፃነት ይዞራሉ፤ ፍሬን ስረግጥ ግን የኋላው ቀድሞ ይቆለፋል፣ መኪናውም ይሽከረከራል።

ይህ ከያዘ ጎማ የበለጠ አደገኛ ነው፤ የኋላ ጎማ ቀድሞ ሲቆለፍ የመኪናው ጅራት ወደ ፊት ይመጣልና፣ በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ ለመቆጣጠር ያዳግታል። በብዙ ሂሉክስና ሃያስ ከኋላ አክስሉ በላይ፣ በጭነቱ ልክ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ፤ ከአክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ ይገናኛል። መኪናው ሲጫንና ወደ ታች ሲወርድ ዘንጉ ቫልቩን ከፍቶ ለኋላ ብዙ ግፊት ይሰጣል። ከኋላ የተመታ መኪና ዘንጉ ሲታጠፍ ባዶውን መኪና እንደተጫነ አድርጎ ያሳየዋል። ባሌስትራው (መኪናውን የሚሸከመው የላሜራ ሞላ) ተሰብሮ ወይም ተቀይሮ ከፍታው ሲለወጥም ያው ነው። ዘንጉን በሽቦ አስሮ ማቆም ችግሩን ወደ ሌላ ቀን ያስተላልፋል፤ በፋብሪካው ልክ መመለስ ወይም መለወጥ ብቻ ነው መፍትሔው።

ቫልቩ ጤነኛ ከሆነ ሁለት ነገር ይቀራል። የፊቱ መስመር በግጭቱ ተቀድዶ ወይም አየር ገብቶበት ከሆነ የኋላው ብቻውን ይሠራና ይቆለፋል፤ ይህ ሲሆን ፔዳሉ ዝቅ ይላል። በአዳዲስ መኪናዎች ደግሞ ያን ቫልቭ የተካው የኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው አሠራር) ኮምፒዩተር ነው። ከጎማው አጠገብ የሚያልፈው የሴንሰር ሽቦ ተበጥሶ የኤቢኤስና የፍሬን መብራት በአንድነት ዳሽቦርዱ ላይ ከበሩ፣ የኋላውን ግፊት የሚመጥነው አሠራርም አብሮ ሊቆም ይችላል። መብራቱን በመንቀል ዝም ማሰኘት አይፈቀድም።

ተጠግኖ ደህና ነበር፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄድ እንደገና ያዘ፣ ሲበርድ ደግሞ ለቀቀ።

ሲሞቅ ይዞ ሲበርድ የሚለቅ ፍሬን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የታፈነ ግፊት ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ወደ ቋቱ የሚመለስበት ቀዳዳ ከተዘጋ ሸራውን ይገፋል፣ ሸራው ሲነካ ሙቀት ይጨምራል፣ ሙቀቱ ደግሞ ግፊቱን ያባብሳል። ፔዳሉ ላይ ልልነት መኖሩን፣ አዲስ ፖምፓ ከተገጠመም የዘንጉ ርዝመት ከአሮጌው ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ።

ሁሉም ደህና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ቋቱ ውስጥ ምን እንደተጨመረ ይጠይቁ። ከግጭት በኋላ ዘይት ሲጎድል በአቅራቢያ የተገኘ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የሚጨምር ሰው አለ። የፍሬን ጎሚኒ ለዶት ዘይት የተሠራ ስለሆነ ሌላ ዘይት ሲነካው ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። መለያው የቋቱ ክዳን ውስጥ ያለው ጎማ ነው፤ አብጦ፣ ተለጥጦ ወደ ቦታው አልመለስ ካለ ዘይቱ ተበክሏል። ያን ጊዜ ማጠብ አይበቃም፤ የፖምፓው፣ የሲሊንደሮቹና የቱቦዎቹ ጎማ ነክ ዕቃ በሙሉ ይቀየራል፣ የብረት ቧንቧዎቹም በንጹሕ የፍሬን ዘይት ይታጠባሉ። ወጪው የሚያስደነግጥ ነው፤ ከዚህ ያነሰ ጥገና ግን ፍሬኑን ተመልሶ ከመያዝ አያግደውም።

ለመጨረሻው ሙከራ ገደል ካለበት መንገድ ርቀው፣ ትራፊክ ባልበዛበት ሰዓት፣ ሜዳማ መንገድ ይምረጡ። በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ጀምረው ይርገጡ፤ ከዚያ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል በተቻለ መጠን ፍሬን ሳያበዙ ነድተው ይቁሙና የሁለቱን የኋላ ቸርኬዎች ሙቀት በእጅዎ ጀርባ፣ ሳይነኩ በማስጠጋት ያነጻጽሩ። አንዱ ከሌላው ጎልቶ ከሞቀ ያ ጎማ ገና አልተለቀቀም። ደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና ይህን ሙከራ ሳያልፍ ከጎንደር መውጣት የለበትም።